የሚንቀጠቀጠው ወይስ የሚዞረው? ናስ ማጽጃ ማሽን ለምትገዙ

ጥምቀት ሲቃረብ ከአንኮበር፣ ከደብረ ሲና፣ ከመሐል ሜዳ የሙያ ጓደኞቼ ይደውላሉ። ጥያቄው አንድ ነው። «ናስ ማጽጃ ልገዛ ነው፤ የትኛውን ልያዝ?» ለሁሉም በየተራ ከማስረዳ አንዴ ልጻፈው።

መልሱን ከፊት ላስቀምጥ። በውሃ የሚሠራውን፣ የሚዞረውን ከበሮ ያዙ። ከውጭ ተሠርቶ የሚመጣውን፣ በደረቁ የሚሠራውን የሚንቀጠቀጥ ሳህን ተዉት። ቁጥብነት የሚያጠቃችሁ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ተዉት፤ ምክንያቱን ብር በብር አሳያችኋለሁ።

የኛ ሥራ መስቀል፣ ቃጭል፣ ጸናጽል ነው። ናሱ የሚመጣው ከቆራሌው ነው፤ ያረጀ የቧንቧ ራስ፣ የፋኖስ አካል፣ የተሰነጠቀ ቃጭል፣ አንዳንዴም የተተኮሰ የጥይት ቀለህ። ይህ ሁሉ ከነቆሻሻው ማቅለጫ ውስጥ ከገባ ግማሹ አረፋ ሆኖ ይቀራል፣ ቀሪውም ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው መስቀል ይሆናል። ቀልጦ ከአሸዋ ቅርጽ የወጣው ዕቃም ጥቁር ነው። ስለዚህ ማሽኑ ሁለት ጊዜ ያስፈልጋል፤ ከእሳት በፊትና ከእሳት በኋላ።

ቀለህ የሚመጣላችሁ ከሆነ አንድ በአንድ በዓይናችሁ እዩ። አፉ ክፍት፣ ቂጡ ላይ የመርፌ ምት ያለበት መሆን አለበት። ያልተተኮሰ ነገር ከተደባለቀ ማሽንም እሳትም አጠገብ አይደርስም። አትንኩት፣ ለፖሊስ ንገሩ። ከየት እንደመጣ ሊነግራችሁ ከማይፈልግ ሰውም አትግዙ።

አሁን ወደ ዋጋው። ቁጥሮቹ እኔ ስጠያይቅ ያገኘኋቸው ናቸው። ገበያው ዛሬ ያለው ነገ ስለማይደገም ልዩነቱን እንጂ ቁጥሩን አትያዙ።

አምስት ኪሎ ገደማ የሚይዝ የሚንቀጠቀጥ ሳህን 21,500 ብር ተብሎ ነበር። ዋጋው ሲታይ ርካሽ ይመስላል። ከበሮው ግን እዚሁ ደብረ ብርሃን ሲሠራ እንዲህ ይወጣል። ያገለገለ ባለ ግማሽ ፈረስ ጉልበት ሞተር 7,500። ሁለት ፑሌጃ (ቺንጋው የሚዞርበት ክብ) 1,900። ቺንጋ 400። አራት ኩሽኔታ 1,800። ቶርኖ ቤት የሚሠሩ ሁለት ዘንጎች 2,200። አንግል ብረትና ብየዳ 4,200። ሃያ ሳንቲ ስፋት ያለው ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ከነክዳኑ 2,500። ውስጡ የሚገባው የማይዝግ ብረት መርፌ 2 ኪሎ 5,500። ድምር 26,000 ብር።

4,500 ብር ይበልጣል፤ አልክድም። ጓደኞቼም እዚህ ላይ ሲደርሱ ነው ስልኩን ሊዘጉ የሚቸኩሉት። ግን ቆዩ። የሳህኑ ሞተር ሲቃጠል ማስጠቅለል ብቻ 4,500 ነው። ልዩነቱ በዚያች ቀን አለቀ። የሳህኑ ሞተር ደግሞ መቃጠሉ አይቀርም፤ ታሽጎ ከሳህኑ ሥር የተቀመጠ ነው፣ ሙቀቱ መውጫ የለውም፣ አቧራውም እላዩ ላይ ይራገፋል። ሳህኑ ራሱ ሲሰነጠቅ መለዋወጫ አይገኝም። አንድ የሥራ ባልደረባዬ የተሰነጠቀ ሳህን ይዞ ሻጩ ዘንድ ሄዶ ነበር። «ሙሉውን ነው የምንሸጠው» አሉት። አሁን ያ ማሽን ሱቁ ጥግ ላይ ዕቃ ማስቀመጫ ሆኗል።

ከበሮው ሲበላሽ ግን የሚበላሸው አንድ ነገር ነው። ቺንጋ ከተበጠሰ 400 ብር። ኩሽኔታ ከጮኸ 450። ሞተሩ እየጮኸ አልነሳ ካለ አብዛኛውን ጊዜ ካፓሲተሩ ነው፤ እሱም ከ300 ብር አያልፍም። ሁሉም ጠባሴ ሰፈር ሳይደርሱ ይገኛል። ቱቦው ቢሰነጠቅ ሌላ ቱቦ ነው።

ስለ አሠራሩ ብዙ አልልም። ሳህኑ ከሥሩ ሚዛኑ ያዘመመ ክብደት የሚያዞር ሞተር አለው፣ በስፕሪንግ ላይ ተቀምጦ ይንቀጠቀጣል። ውስጡ የተፈጨ የበቆሎ ቆረቆንዳ ይደረጋል። ከበሮው ደግሞ ውሃ፣ ሳሙናና መርፌ ይዞ ቀስ እያለ ይዞራል። መርፌዎቹ ውፍረታቸው 1 ሚሊ ሜትር፣ ርዝመታቸው 6 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ብሩሽ የማይደርስበት ውስጥ ገብተው ይፍቃሉ። የጸናጽልን ቀዳዳ ውስጥ በእጅ አጽድቶ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

ቆረቆንዳ ርካሽ አይደለም ወይ የሚለኝ አለ። ነው። ከቆላው፣ ከሸዋሮቢት ወገን በጆንያ ይመጣል፣ ወፍጮ ቤት ማስፈጨት ነው። ግን በየጥቂት ጊዜው ይጠቁራል፣ ይጣላል፣ እንደገና ይፈጫል። መርፌው ግን አያልቅም። ታጥቦ ተመልሶ ይገባል።

ከዋጋው በላይ የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር አለ። አቧራው ነው። የተተኮሰ ቀለህ ቂጡ ውስጥ የሚቀረው ጥላሸት እርሳስ አለበት። የቧንቧ ራስ የሚሠራበት ናስም ቶርኖ ላይ እንዲቀል ተብሎ ጥቂት እርሳስ ይጨመርበታል። ደረቁ ማሽን ይህን ሁሉ ፈጭቶ ወደ አየር ይለቀዋል። ክዳኑን ስትከፍቱ ፊታችሁ ላይ የሚወጣው ግራጫ ብናኝ እሱ ነው። እርሳስ ደግሞ ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፤ ልጆችን የሚጎዳው ከአዋቂ የበለጠ ነው። አብዛኞቻችን የምንሠራው ግቢያችን ውስጥ፣ ልጆች በሚሮጡበት ቦታ ነው። ውሃው አቧራውን ይዞ ያስቀረዋል። ጥቁሩን ውሃ ጓሮ ጎመን ላይ አትድፉት እንጂ። ለብቻው ጀሪካን ውስጥ አዘቅጡት፣ ጭቃውን ልጅና ከብት የማይደርስበት አርቁት። እጃችሁን ሳትታጠቡ እንጀራ አትቁረሱ።

አሁን ደግሞ የምትሸወዱበትን ልንገራችሁ።

አንደኛው መርፌው ነው። የማይዝግ ተብሎ ተራ ሽቦ ተቆርጦ ይሸጣል። ሲያዩት ያው ነው፤ ያብረቀርቃል። ሻጩ ማግኔት ያወጣና «እይ፣ አይስብም» ይላችኋል፤ ወይም ደግሞ የሚስበውን «ይሄ ሐሰተኛ ነው» ብሎ የሌላውን ያጣጥላል። ማግኔት አይፈርድም። ደህና የማይዝግ ብረት ሽቦ ለመሆን ሲጎተት በመጠኑ በማግኔት ሊያዝ ይችላል። ሆን ተብሎ በማግኔት እንዲለቀም የሚሠራም የማይዝግ ዓይነት አለ። ፈራጁ ጨው ነው። አንድ ጭብጥ መርፌ ለምኑ፣ ጨው ያለበት ውሃ ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ውሃው ወርቃማ ቡና መስሎ ከሥር ዝገት ካረፈ መልሱለት። ተራው ሽቦ ከገባ ዝገቱ ናሱ ላይ ነጠብጣብ ይጥላል፣ ነጠብጣቡን ለማስለቀቅ ሌላ ጉልበት ነው።

ጫፉንም በጣት ዳብሱት። መቀስ የቆረጠው ጫፍ ሹል ሆኖ ከቀረ ናሱን ይቧጭራል። ደህናው ጫፉ የተሞረደ ነው።

ሁለተኛው ሞተሩ ነው። አዲስ አበባ ምናለሽ ተራም ሆነ እዚህ ያገለገለ ሞተር ስትገዙ የተለጠፈበትን ሰሌዳ አንብቡ። አንድ ፈረስ ጉልበት 746 ዋት ነው። ሰሌዳው «1 ፈረስ» ብሎ አምፔሩን 2 ካለ ይዋሻል፤ 220 ቮልት በ2 አምፔር 440 ዋት ብቻ ነው፣ እሱም ሳይባክን። ቀጥሎ ከተቻለ ክዳኑን አስከፍቱ። የሽቦውን ቫርኒሽ በምላጭ ጫፍ ጫር አድርጉት። ቀይ ከወጣ መዳብ ነው። ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ነው፣ ቶሎ ይግላል። መጠኑ አንድ ሆኖ የቀለለውን ሞተርም ጠርጥሩት።

ሦስተኛው ከአሜሪካ የሚላክ ማሽን ነው። ዘመድ ያለው ሰው ይህን ያመጣና ደስ ይለዋል። ግን የዚያ አገር መብራት 120 ቮልት ነው፣ የኛ 220። በቀጥታ የተሰካ ዕለት አለቀለት። ትራንስፎርመር ይገዛል ቢባልም መብራቱ እዚያ በሴኮንድ 60 ዙር፣ እዚህ 50 ስለሆነ ሞተሩ ይዘገያል፣ ይሞቃልም። የትራንስፎርመሩ ዋጋ ሲጨመርበት የከበሮ ግማሽ ወጪ ሆኗል። ዘመዳችሁን መርፌውን ብቻ አስልኩ። ያ ዋጋ አለው።

ብየዳ ቤት ስትሄዱ አንድ ነገር ላይ አትደራደሩ፤ ፍጥነቱ ላይ። በያጆቹ ሞተሩን በቀጥታ ከከበሮው ያገናኙላችኋል፣ በፍጥነት ሲሽከረከር ደግሞ ያማረ ይመስላቸዋል። ሃያ ሳንቲ ስፋት ያለው ከበሮ በደቂቃ ከ95 ዙር ካለፈ ዕቃው ግድግዳው ላይ ተለጥፎ አብሮ ይዞራል እንጂ አይገለበጥም። ሳይገለበጥ ደግሞ አይጸዳም። የሚፈለገው 55 ዙር አካባቢ ነው። ሞተሩ በደቂቃ 1,400 ይዞራል። ሞተሩ ላይ 6 ሳንቲ፣ ዘንጉ ላይ 30 ሳንቲ ፑሌጃ አድርጉ፤ ዘንጉ 280 ይዞራል። ዘንጉ ጎማ ለብሶ 4 ሳንቲ ውፍረት ይኑረው፣ ከበሮው በሁለቱ ዘንጎች ላይ ይተኛ። የከበሮው ዙር 56 ይመጣል። ይህን ቁጥር በወረቀት ጽፋችሁ ስጧቸው፤ በቃል ከነገራችኋቸው ባላቸው ፑሌጃ ይሠሩታል።

አሞላሉ ቀላል ነው። 2 ኪሎ መርፌ፣ ከዚያ ትንሽ የሚበልጥ ናስ፣ እስኪሸፈን ውሃ፣ ጥቂት ላርጎ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ሲትሪክ አሲድ፤ እሱ ከሌለ የአንድ ሎሚ ጭማቂ። ሲሶው ባዶ ይቅር። አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃዋል። አሲዱን «ይበልጥ ይጽዳ» ብላችሁ አታብዙት፤ ከላዩ ያለው ዚንክ ይሟሟና መዳቡ ቀርቶ ዕቃው ቀላ ይላል። ደንበኛ ደግሞ «ናስ አይደለም» ብሎ ይመልሰዋል። የባትሪ አሲድ በጭራሽ። አሉሚኒየምም አብሮ አይግባ፤ ጋዝ ይሠራና ከበሮውን ይነፋዋል።

አሞኒያ ያለበት የመስታወት ማጽጃም አይሆንም። አሞኒያ ናስን ይሰነጥቃል። እንግሊዞች ሕንድ ውስጥ በፈረስ በረት አጠገብ ያከማቹት ቀለህ በዝናብ ወራት ራሱ እየተሰነጠቀ አስቸግሯቸው ነበር፤ ምክንያቱ ከሽንቱ የሚወጣው አሞኒያ ነው። እኛ ዘንድም ናሱን ከከብቶቹ በረት ጥግ የሚያከማች አለ። ከዚያ አንሱት።

ከበሮው እንከን የለውም አልልም። ትልቁ እንከኑ ማድረቁ ነው። ናሱ ወደ እሳት የሚመለስ ከሆነ አንዲት ጠብታ እንኳ ይዞ መግባት የለበትም። የቀለጠ ናስ ከ900 ዲግሪ በላይ ነው። ውሃ ሥሩ ከገባ በቅጽበት እንፋሎት ሆኖ ይፈነዳል፣ የቀለጠውን ፊታችሁ ላይ ይረጨዋል። ቀለህና የቧንቧ ራስ ደግሞ ሆዳቸው ውስጥ ውሃ ይደብቃሉ። በክረምት፣ ከደብረ ብርሃን ጉም ጋር፣ ውጭ ማድረቅ አይታሰብም። በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭም ከቀትር ፀሐይ በቀር የሚረባ ነገር የለም። እኔ አፉን ወደ ታች ገልብጬ ላሜራ ላይ እዘረጋዋለሁ፣ ላሜራውን ከምድጃው ጎን አደርጋለሁ፣ በእጅ የማይያዝ እስኪሆን ይሞቃል። ከዚያ ነው የሚገባው። ለዚህ ትዕግሥት የሌለው ሰው ደረቁን ሳህን ቢገዛ ይሻለዋል። ይህን ከልቤ ነው የምለው።

ሌላው፣ በውሃ የታጠበ ናስ ቶሎ ይደበዝዛል። ደረቁ ላይ ቆረቆንዳው ውስጥ ጥቂት ማወልወያ ስለሚጨመር ልባስ ይተዋል። መፍትሔው እጃችን ላይ ነው። ዕቃው ገና ለብ እንዳለ ንጹሕ ሰም ቀቡት፣ በጨርቅ ፈግፍጉት። ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ ቃጭል በዚህ ለወራት ያምራል።

በእጅ፣ በብሩሽ ስለመሥራት የሚጠይቀኝም አለ። አንድ ሁለት መስቀል ለሚሠራ ይበቃል። ለጥምቀት ትእዛዝ የያዘ ሰው ግን ጣቱን ይጨርሳል።

ማድረቁን ከማይታገሠው ሰው ሌላ፣ ሳህኑ የሚያስፈልገው አንድ ሰው ብቻ ነው የማውቀው፤ ያለቀለት፣ የተሞረደ፣ ወደ እሳት የማይመለስ ዕቃ እያብረቀረቀ ለቱሪስት ሱቅ የሚያስረክብ። እሱም ቢሆን ውጭ ያስቀምጠው፣ አፍና አፍንጫውን ይሸፍን፣ ቆረቆንዳውን በጥቂት ነጭ ጋዝ አርጥቦ አቧራውን ይያዘው። ሲገዛም ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ሳህኑን ሞልቶ ሱቁ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያሠራው። ሻጩ «ባዶውን እይ» ካለው ጥሎት ይውጣ። ባዶውን ሁሉም ይንቀጠቀጣል።