የግፊቱን ሞገድ ለሚጠብቁ የካት ላብ ነርሶችና ቴክኒሻኖች

በካት ላብ፣ ማለትም ካቴተር የሚባል ቀጭን ቱቦ በደም ቧንቧ አስገብተው ልብን በሚመረምሩበት ክፍል፣ የልብ ካቴተር ምርመራ በሰላም ሲያልቅ ምስጋናውን የሚወስደው ሐኪሙ ነው፤ ሲያንሰው። ይህ ጽሁፍ ግን ከጎኑ ቆመው ለሚሠሩት ነርሶችና ቴክኒሻኖች ነው። እጃችሁ ይባረክ!

ሥራው ከእጅ አንጓ ይጀምራል። ራዲያል የሚባለው ደም ወሳጅ ቧንቧ ስፋቱ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ የሚገባበት ባለ 6 ፍሬንች (የቱቦ ስፋት መለኪያ) ሺዝ፣ ካቴተሩ የሚያልፍበት ማስገቢያ ቱቦ፣ ደግሞ ከውጭ ሲለካ 2.5 ያህል። ቧንቧው ተቆጥቶ ከተኮማተረ ካቴተሩን ጨምድዶ ይይዘዋል። ስለዚህ ቧንቧውን የሚያላላው ቬራፓሚል ወይም ናይትሮግሊሰሪን፣ ደም እንዳይረጋ የሚያደርገው ሄፓሪንም፣ ሐኪሙ ሳይጠይቅ ተቀድቶ ይጠብቃል።

ካቴተሩ በክርን፣ በብብትና በትከሻ በኩል አልፎ አዎርታ ይደርሳል። የልብ ቧንቧዎቹ አፍ ከአዎርታ ቫልቭ ከፍ ብሎ ነው፤ አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ። የግራው ግንድ ብዙም ሳይርቅ ይከፈላል፤ ኤልኤዲ የሚባለው ቅርንጫፍ በልብ ፊት ለፊት ወደ ጫፉ ይወርዳል፣ ሰርከምፍሌክስ የሚባለው በግራ ጎን ዞሮ ወደ ኋላ ይሄዳል። የቀኙ በአብዛኛው ሰው ላይ የልብን የታችኛውን ግድግዳና የምቱን ምልክት የሚያስተላልፈውን ኤቪ ኖድ ይመግባል። ቧንቧው በኤክስሬይ እንዲታይ የሚሰጠው ቀለም ወደ ቀኙ ሲገፋ የልብ ምት አንዳንዴ ድንገት የሚዘገየው ለዚህ ነው፤ የልብ ምቱን በሚያሳየው ኢሲጂ ላይ ያፈጠጠችው ነርስ "ይሳሉ፣ ጠንከር አድርገው ይሳሉ!" የምትለውም ያኔ ነው።

ትልቁ ውለታቸው ግን ግፊቱ ላይ ነው። የካቴተሩ ጫፍ የልብ ቧንቧው አፍ ላይ ሲቀመጥ በእሱ በኩል የሚለካው የደም ግፊት ሞገድ ድንገት ከወረደ ወይም ቅርጹን ካጣ፣ ጫፉ ጠልቋል፣ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል፣ ወይም አፉ ራሱ ጠቧል። በዚያች ቅጽበት ቀለም ቢገፋ ግድግዳው ሊሰነጠቅ ወይም ልቡ ምቱን ትቶ ሊርገበገብ ይችላል። የሐኪሙ ዓይን ኤክስሬዩ ላይ ነው፤ "ግፊት ወረደ!" የሚለው ድምፅ የሚመጣው ከቴክኒሻኑ ነው። ድምፁ እንዲታመን ደግሞ ግፊቱን የሚለካው ትራንስዱሰር በታካሚው ደረት አጋማሽ ከፍታ ዜሮ መደረግ አለበት። መስመሩ ውስጥ የቀረ የአየር አረፋ ሞገዱን ያደክመዋል፤ ወደ ልብ ቧንቧ ከተገፋማ ጣጣው ሌላ ነው።

ሺዙ ሲወጣ አንጓው ላይ የሚታሰረው አየር የሚሞላ ማሰሪያም ቀላል አይምሰላችሁ። ሲላላ ይደማል፣ ሲጠብቅ ቧንቧው ለዘለቄታው ሊደፈን ይችላል። ጎበዝ ነርስ ደሙ እስኪቆም ብቻ ትሞላና የአንጓው ምት እንዳልጠፋ ታረጋግጣለች፤ አየሩንም ቀስ በቀስ ትቀንሳለች። በብሽሽት ተገብቶ ከሆነ ደግሞ የጎን ወይም የወገብ ሕመም ከግፊት መውረድ ጋር ሲመጣ "ብዙ ስለተኙ ነው" ብላ አታልፈውም፤ ከሆድ ዕቃ ጀርባ እየደማ ሊሆን ይችላል።

እናንተ ታካሚዎች ደግሞ ቀጠሮ ስትይዙ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ግፊቱን በሥራው ሁሉ የሚከታተለው ማን ነው? ቀለሙ ኩላሊትን ሊጎዳ ስለሚችል የኩላሊት ምርመራዬ አስቀድሞ ይታያል፣ የገባው ቀለም መጠንስ ይመዘገባል? ማሰሪያው ታስሮ ሳለ ምቴን ማን ያያል? ሳያመነቱ የሚመልሱ ባለሙያዎች ያሉበትን ካት ላብ ካገኛችሁ፣ እዚያው ታከሙ።