ቼኩን ከመቀበላችሁ በፊት ያችን አንድ ገጽ ወረቀት አንብቡ

ሰላም ለሁላችሁ። ይህን የምጽፈው ጠጥቶ የሚነዳ ሰው ገጭቷችሁ ወይም የቤተሰባችሁን ሰው ገጭቶ፣ አሁን ስለ ካሳ እየተነገራችሁ ላላችሁ ነው። እኔ የሠራሁትን ስህተት እንዳትደግሙት።

የተገጨሁት ዜብራ ላይ ነው፤ መብራቱም ለእግረኛ አረንጓዴ ነበር። ሾፌሩ ከመኪናው ሲወርድ በእግሩ መቆም አቅቶት ነበር፣ በቦታው የነበሩ ሰዎችም አይተውታል። ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚያከራክር ነገር አልነበረም። እኔም ነገሩ ግልጽ ነው ብዬ ጠበቃ ማማከር አላስፈለገኝም።

በአሥራ አንደኛው ቀን ከሾፌሩ ኢንሹራንስ አንድ ሰው አልጋዬ ድረስ መጣ። ትሁት ሰው ነው። የያዘው ቼክና አንድ ገጽ ወረቀት ነው። ገንዘቡ የሆስፒታሉን ሒሳብና የአንድ ወር ተኩል ደሞዜን ይሸፍናል። «ፍርድ ቤት ከሄዱ ዓመታት ይፈጃል፣ የጠበቃም ወጪ አለ፣ ይሄ ግን ዛሬውኑ እጅዎ ይገባል» አለኝ። ሒሳቡ በየቀኑ እየጨመረ ነበር፣ ሥራ የምመለስበት ቀን አይታወቅም፣ እኔም ደክሞኛል። ፈረምኩ።

ወረቀቱ ላይ እንዲህ የሚል ነበረበት፦ በዚህ አደጋ ምክንያት ከታወቀም ሆነ ወደፊት ከሚታወቅ ጉዳት ጋር በተያያዘ ሌላ ማንኛውንም ጥያቄ ላለማቅረብ ተስማምቻለሁ። አንብቤዋለሁ። ግን «ወደፊት ከሚታወቅ» የምትለው ምን ያህል እንደምታስከፍለኝ ያኔ አልገባኝም።

ስብራቴ ጉልበት መገጣጠሚያው ውስጥ የገባ ነበር። አጥንቱ ገጥሟል ተባልኩ፣ ክራንች ጣልኩ። በዘጠነኛው ወር ግን ደረጃ መውጣት አቃተኝ፤ ጉልበቴ ያብጣል፣ ሌሊት ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኛል። ሐኪሙ እንደነገረኝ እንዲህ ዓይነት ስብራት የመገጣጠሚያውን ልም አጥንት ስለሚጎዳ ከወራት፣ አንዳንዴም ከዓመታት በኋላ አርትራይተስ የሚባል የመገጣጠሚያ በሽታ ሊያመጣ ይችላል። ሌላ ቀዶ ጥገና ያስፈልገኛል። ወጪው በሙሉ የራሴ ነው። ጠበቃ ጋር ስሄድ ስምምነቱን ለማፍረስ መታለሌን ወይም መገደዴን ማስረዳት እንዳለብኝ ነገረኝ። ሰውየው ግን አልዋሸኝም፣ አላስገደደኝምም። ያደረገው ማስቸኮል ብቻ ነው።

ስለዚህ ሐኪማችሁ «ከዚህ በኋላ ብዙም የሚለወጥ ነገር የለም» እስኪል ድረስ የመጨረሻ ስምምነት አትፈርሙ። ካሳ ማለት እስካሁን የወጣው የሕክምና ወጪ ብቻ አይደለም። ወደፊት የሚወጣው አለ፣ የቀረባችሁ ገቢ አለ፣ ከዚህ በኋላ እንደ በፊቱ መሥራት ካልቻላችሁ እሱም ይታሰባል፣ ሥራውን ትቶ የሚያስታምማችሁ ሰው ካለም እንዲሁ። በብዙ አገሮች ለሕመሙና ለሥቃዩ የሞራል ካሳ ይከፈላል። እኔ ያገኘሁት የመጀመሪያውንና የገቢዬን ቁራጭ ብቻ ነው። ገንዘብ ቸግሯችሁ መጠበቅ የማትችሉ ከሆነ ደግሞ ቅድሚያ ክፍያ ጠይቁ፤ ወረቀቱ ላይ ግን ከጠቅላላው ካሳ የሚቀነስ ከፊል ክፍያ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ።

መጠበቅ ስል ዝም ብሎ መቀመጥ ማለቴ አይደለም። ይርጋ የሚባል ክስ የማቅረቢያ የጊዜ ገደብ አለ። እንደየአገሩ ሁለት ወይም ሦስት ዓመት ሊሆን ይችላል፣ ያነሰም አለ፤ ካለፈ ክሱ አይታይላችሁም። በብዙ ቦታ ከኢንሹራንስ ጋር መደራደር ይርጋውን አያቆመውም። ቀኑን ገና በመጀመሪያው ሳምንት ጠይቃችሁ ጻፉት።

ሌላው መጥፎ ስምምነት ከሾፌሩ ቤተሰብ የሚመጣው ነው። «ፖሊስ አይግባበት፣ ሕክምናውን እኛ እንችላለን» ይላሉ። እሺ እንዳትሉ! አልኮል ከደም ውስጥ በሰዓት በግምት 0.015 ፐርሰንት እየቀነሰ ይሄዳል። ሲገጫችሁ 0.09 የነበረ ሰው ከአራት ሰዓት በኋላ ቢመረመር 0.03 አካባቢ ይወርዳል፣ ይህ ደግሞ ብዙ አገሮች ከያዙት የ0.05 ገደብ በታች ነው። ፖሊስ ቶሎ ካልመጣና የትንፋሽ ወይም የደም ምርመራው በሰዓቱ ካልተደረገ ዋናው ማስረጃ ጠፋ ማለት ነው። የአካባቢው ካሜራዎችም ያው ናቸው፤ ብዙዎቹ ከቀናት ወይም ከሳምንታት በኋላ የድሮውን እያጠፉ በላዩ ስለሚቀዱ ቅጂው እንዲቀመጥ ወዲያው በጽሑፍ ጠይቁ። እናንተ መንቀሳቀስ ካልቻላችሁ ሰው ላኩ።

«ጠጥቶ ስለነዳ ኢንሹራንሱ አይከፍልም» ብሎ የሚያስፈራራችሁም ይኖራል። በብዙ አገሮች ግን ኢንሹራንሱ ለተጎጂው ከከፈለ በኋላ ገንዘቡን ከሾፌሩ ይጠይቃል። ያ የእነሱ ጉዳይ ነው። ሾፌሩ ኢንሹራንስ ባይኖረው እንኳ ለእንዲህ ዓይነት ተጎጂዎች የተቋቋመ ፈንድ ያላቸው አገሮች ብዙ ናቸው፣ ጠይቁ። ሾፌሩ በወንጀል መከሰሱና የእናንተ የካሳ ጥያቄም በብዙ ቦታ የተለያዩ መዝገቦች ናቸው። እሱ ታሰረ ማለት ካሳ አገኛችሁ ማለት አይደለም፤ ነጻ ቢወጣም በብዙ ቦታ የእናንተ ጥያቄ አብሮ አይወድቅም። ሰካራሙ በሚነዳው መኪና ውስጥ ተሳፋሪ የነበራችሁም መጠየቅ ትችላላችሁ፣ መጠጣቱን እያወቃችሁ ከገባችሁ ግን ካሳው ሊቀነስባችሁ ይችላል።

ጠበቃ ስትይዙም ተጠንቀቁ። አልጋችሁ ድረስ ውክልና ይዞ የሚመጣ ደላላ ጋር አትዋዋሉ፣ ጠበቃችሁን ራሳችሁ ፈልጉ። ከካሳው በፐርሰንት የሚሠሩ አሉ፣ አንዳንዱ ጋር ሲሶ ይደርሳል። ፐርሰንቱ የሚሰላው ወጪ ሳይቀነስ ነው ወይስ ከተቀነሰ በኋላ? ብትሸነፉስ ወጪውን ማን ይከፍላል? ይህ ውሉ ላይ ይጻፍ።

አሁን ፊታችሁ ወረቀት ተቀምጦ ከሆነ ሰውየውን «ቅጂውን ይተዉልኝ፣ ጠበቃ አሳይቼ እደውልልዎታለሁ» በሉት። ዛሬ ካልፈረማችሁ ገንዘቡ ይቀራል ቢልም አትደንግጡ፣ ሾፌሩ ጠጥቶ የገጫችሁ መሆኑ በሳምንት አይቀየርም። የፈረማችሁ ካላችሁ ደግሞ ዛሬ ነገ ሳትሉ ወረቀቱን ይዛችሁ ጠበቃ ጋር ሂዱ። እኔ የሄድኩት ከዘጠኝ ወር በኋላ ነው።