«ሁሉም ገብቶለታል» ብለው ያስረከቡኝ ማስታንግ

ዲኤምቪ (ዲሲ፣ ሜሪላንድ፣ ቨርጂኒያ) ያላችሁ ልጆች፣ በተለይ ፎርድ ማስታንግ ጂቲ ይዛችሁ ሱፐርቻርጀር (አየር አምቆ ወደ ሞተሩ የሚያስገባ፣ ጉልበት የሚጨምር እቃ) ለማስገባት ብር የምታጠራቅሙ፣ ይቺን ሳታነቡ ለማንም አንድ ዶላር እንዳትልኩ። ሱፐርቻርጀር ያስገባልኝ ቤት የከፈልኩበትን ስራ ሳይሰራ አስረክቦኝ፣ ሞተሬ አሁን ማናሳስ፣ ቨርጂኒያ፣ ሌላ ጋራዥ ውስጥ ተበታትኖ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግቷል። ከሰዎቹ ጋር የተጣላነው ገና ትናንት ነው፤ ንዴቴ ስላልበረደ አነጋገሬ ከሻከረ ታገሱኝ።

የሰራልኝን የሀበሻ ጋራዥ ስም አልጠራም፣ ጉዳዩ ገና አላለቀም። አይነቱን ግን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ከመጋዘኖች ጀርባ ያለ፣ በሩ ላይ ባንዲራ የተሰቀለበት፣ ጥግ ላይ ጀበና ተጥዶ ገና ስትገባ «ቤተሰብ ነን» የምትባልበት። ዋጋ ስትጠይቅ «በኔና ባንተ መሀል ምን ዋጋ አለ» ይሉሃል። ከዚያ ፈረንጁ ከሚያስከፍለው ሳንቲም ሳይቀንስ ይነገርሃል። ልዩነቱ ፈረንጁ ደረሰኝ ይሰጣል፣ እዚህ ግን «በዜል (በስልክ ከባንክ ወደ ባንክ) ጣል አድርገው፣ ታክሷን ላስቀርልህ» ነው። ለታክሴ እንዲህ የተጨነቀ ሰው ለሞተሬማ እንዴት ይጨነቅ ይሆን ብለህ ትረጋጋለህ።

መኪናዋ የ2018 ጂቲ ናት፤ ባለ 5 ሊትር ቪ8፣ ማንዋል ካምቢዮ፣ ከፋብሪካ ስትወጣ 460 የፈረስ ጉልበት ያላት። ይሄ ሞተር ያለ ሱፐርቻርጀር እንዲሰራ ነው የተነደፈው። ኮምፕሬሽኑ (አየሩን የሚያምቅበት መጠን) 12 ለ 1 ስለሆነ 8 ወይም 9 ፒኤስአይ የአየር ግፊት ስትጭንበት ስህተት አይምርም። ሰው የሚያወራው ግን ከላይ ስለሚቀመጠው ነገር ብቻ ነው፤ ኮፈኑን ስትከፍት የሚያብረቀርቀው፣ ፎቶ የሚነሳው እሱ ነው። መኪናውን በህይወት የሚያቆየው የማይታየው ስራ ነው። እኔ ደግሞ ሱፐርቻርጀሩን ከማዘዜ በፊት ያጠናሁት እሱን ነው፤ በወረቀት ጽፌ ነው የሄድኩት።

አየር በጨመርክ ቁጥር ቤንዚንም መጨመር አለበት። ላይኛው ዙር ላይ ፓምፑ ካልቻለ ድብልቁ ይሳሳል፣ ከሳሳ ሞተሩ ያንኳኳል፣ እያንኳኳ ከነዳኸው ፒስቶኑ ቀለበቶቹ አካባቢ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ተለቅ ያለ ኢንጀክተር (ቤንዚኑን የሚረጨው) እና የሚችል የቤንዚን ፓምፕ። ካንዴላው አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ ይሆናል፤ ክፍተቱም ከፋብሪካው 1.3 ሚሊሜትር አካባቢ ወደ 0.7 ወይም 0.8 ይጠብባል፣ አለዚያ የታመቀው አየር ብልጭታውን ያጠፋዋል። አየር ሲታመቅ ይግላል፣ ስለዚህ የታመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለርና የእሱን ውሃ የሚያቀዘቅዘው የፊት ራዲያተር። ፍሪሲዮኑን፣ ጎማውንና ፍሬኑን ቀስ እያልኩ አደርሳቸዋለሁ ብዬ ለጊዜው ተውኳቸው።

ዋናው ግን የዘይት ፓምፑ ጥርስ ነው። ለማያውቅ፣ የዚህ ሞተር ዘይት ፓምፕ የተቀመጠው ክራንኩ (ፒስቶኖቹ የሚያሽከረክሩት ዋናው ዘንግ) ጫፍ ላይ፣ ከፊት ክዳኑ ጀርባ ነው። ውስጡ ያሉት ጥርሶች ከታመቀ የብረት ዱቄት የተሰሩ ናቸው። ምንም ላልተነካ መኪና ይበቃሉ። ሱፐርቻርጀር ሲገባ ግን ቀበቶው ክራንኩን ከፊት ይጎትተዋል፤ ዙሩ እስከ ጥግ ሲረገጥ ንዝረቱ እነዚያ ጥርሶች ላይ ያርፍና ይሰነጥቃቸዋል። ጥርሱ ሲሰበር የዘይት ግፊት ይጠፋል፣ ብሮንዚኑ (ክራንኩ የሚሽከረከርበት) ደርቆ ይያያዛል፣ ሞተሩ አበቃለት። መድኃኒቱ ከድፍን ብረት ተቆርጦ የተሰራ ጥርስ ነው፣ አጠገቡ ካለው የቼይን መዘውር ጋር። እቃው ያን ያህል ውድ አይደለም። የሚያስከፍለው ስራው ነው፤ የፊት ክዳኑ በሙሉ ይወልቃል፣ ቼይኖቹ ይወርዳሉ። ክዳኑ ከተመለሰ በኋላ ደግሞ ውስጡ የትኛው ጥርስ እንዳለ ከውጭ ሆኖ የሚያይ የለም። እነሱም ይሄን አሳምረው ያውቃሉ።

ዝርዝሬን ካውንተሩ ላይ ሳስቀምጠው እዚያ የሚሰራው ልጅ፣ ኮፍያውን ወደ ኋላ የሚያዞረው፣ አንስቶ እንደ ዜና አንባቢ ጮክ ብሎ ያነበው ጀመር። «የካንዴላ ክፍተት ዜሮ ነጥብ ሰባት!» ውስጥ ያሉት መካኒኮች ሳቁ። «ኢንጂነር መጣላችሁ» አላቸው። ባለቤቱ ገሰጹት። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጋሼ ነው የምላቸው። «ልጁ አንብቦ ነው የመጣው፣ እኔ የምፈልገው እንዲህ አይነቱን ሰው ነው» አሉና ከካውንተሩ ስር አንድ ሳጥን አወጡ። ጠፍጣፋ ነጭ ካርቶን፣ አንዱ ጥግ ተቀዶ በሰማያዊ ቴፕ የተለጠፈ። ከፈቱት፤ ሁለቱ ጥርሶች ዘይት ተቀብተው በላስቲክ ተጠቅልለዋል። «ያዘው እስቲ፣ ክብደቱን እየው» አሉኝ። ያዝኩት፤ እውነትም ይከብዳል፣ ዘይቱ እጄ ላይ ቀረ። «ይሄ ያንተ ነው፣ ለማንም አልሰጠውም» አሉ። ለጥርሱ፣ ለመዘውሩ፣ ለካንዴላውና ለስራው 2,400 ዶላር፣ ከሱፐርቻርጀሩ ሂሳብ ውጭ። እዚያው ቆሜ በስልኬ ላክሁ።

ሲያስረክቡኝ «ሁሉም ገብቶለታል፣ አሁን ዝም ብለህ ንዳ» አሉኝ። የዳይኖ (የጉልበት መለኪያ ማሽን) ወረቀትም ሰጡኝ፤ ጎማ ላይ 610 የፈረስ ጉልበት ይላል። ቁጥሩ ትልቅ ሆኖ ታትሟል፤ ከታች ግን ወረቀቱ ተቆርጧል፣ የአየርና የቤንዚን ድብልቁን የሚያሳየው መስመር የለም። ያ መስመር የሌለበት የዳይኖ ወረቀት ለግድግዳ ጌጥ ካልሆነ ምንም አይሰራም። ስጠይቅ ባለኮፍያው «ፕሪንተሩ ነው» አለኝ።

ከዚያ ከ6 ሺህ ዙር በላይ ስረግጥ መንተፋተፍ ጀመረች። ደወልኩ። «93 ኦክቴን ቤንዚን ነው የምትቀዳው?» አዎ። «እንግዲያው ማደያ ቀይር።» ቀየርኩ፤ ያው ነው። እንደገና ስደውል ስልኩን ያነሳው ልጅ ለሌላ ሰው «ያ ኢንጂነሩ ነው» ሲል በጆሮዬ ሰማሁ።

አውራ ጎዳና 66 ላይ ስገባ ሶስተኛ ማርሽ ላይ ረግጬ ሳልጨርስ ቀዩ የዘይት መብራት በራ። ወዲያው አጥፍቼ ዳር ያዝኩ፣ ግን ከመጥፋቷ በፊት ያሰማችው ድምፅ ቤት ድረስ አልለቀቀኝም። ብረት ከብረት ጋር።

ማናሳስ ያለው መካኒክ የማያወራ ሽማግሌ ፈረንጅ ነው። ከመክፈቱ በፊት ጠርቶ በባትሪ እያበራ ክዳኑ ዙሪያ ያለውን ማሸጊያ አሳየኝ። የፋብሪካው ነው፣ አንድም ቦታ አልተቆረጠም። ክዳኑ ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ተከፍቶ አያውቅም ማለት ነው። እኔ እኮ ለዚያ ክዳን መከፈት ነበር የከፈልኩት። ሲከፍተው ጥርሱ እንደ ደረቅ ቂጣ ተሰባብሮ ጠበቀን፤ ስብራቱ ላይ ግራጫ፣ ሻካራ፣ የፋብሪካው የዱቄት ብረት። ካንዴላዎቹን አወጣና በመለኪያ ክፍተታቸውን ለካ። እነሱም የፋብሪካው፣ ክፍተታቸው ያው 1.3። የመንተፋተፏ ምስጢር እሱ ነበር፤ እኔን ማደያ ለማደያ ያንከራተቱኝ።

ኢንጀክተሩ፣ ፓምፑና ኢንተርኩለሩ በስርዓት ገብተዋል። የገቡትም ከሱፐርቻርጀሩ ጋር በአንድ ካርቶን ስለመጡና ያለነሱ ዳይኖው ላይ ያ ቁጥር ስለማይወጣ ነው። የሚታየውን ሰርተው የማይታየውን ዘለሉት።

ስብርባሪውን በላስቲክ ከረጢት አድርጌ የጓደኛዬን ካምሪ ተውሼ ወደ መጀመሪያው ጋራዥ ሄድኩ። በሩን ስከፍት ሰውዬው ጀርባውን ሰጥቶኝ ካውንተሩ ላይ ተደግፏል። (ከዚህ በኋላ አንቱታው ይብቃው።) ፊት ለፊቱ አንድ ወጣት ቆሟል፣ ሀያ አመት ቢያልፈው ነው፤ የማስታንግ ቁልፍ ጣቱ ላይ ያሽከረክራል። ሰውዬው ጎንበስ ብሎ ከስር የሆነ ነገር አወጣ። ጠፍጣፋ ነጭ ካርቶን። ጥግ ላይ ሰማያዊ ቴፕ።

እግሬ ተሳሰረ። ላስቲኩን ፈታ፣ አንዱን ጥርስ አንስቶ በልጁ መዳፍ ላይ አስቀመጠለት። «ያዘው እስቲ፣ ክብደቱን እየው» አለው። በዚያው ድምፅ፣ በዚያው ፈገግታ። ልጁ በሁለት እጁ ያዘው። «ይሄ ያንተ ነው፣ ለማንም አልሰጠውም።» ቃል በቃል! ስንት ሰው ያንን ጥርስ ይዞ ዘይቱን ሱሪው ላይ ጠርጎ እንደከፈለ እግዜር ይወቅ። እቃው ሞተር ውስጥ ገብቶ አያውቅም፤ ስራው ካውንተር ላይ መታየት ነው።

ከረጢቱን ካርቶኑ አጠገብ አፈሰስኩት። «የኔ ይሄ ነው፤ ያኛው እዚህ ምን ይሰራል?» አልኩት። አልደነገጠም። አንዱን ስባሪ በእርሳስ ጫፍ ገፋ አደረገና «ይሄ ከየት እንደመጣ እኔ በምን አውቃለሁ?» አለ። ክዳኑ አልተከፈተም፣ ማሸጊያው የፋብሪካው ነው አልኩት። «እኛ በጥንቃቄ ነው የምንሰራው፣ አሻራ አንተውም» አለኝ። ይሄን ሲል አይኑ እንኳ አልተርገበገበም። የወጡትን የድሮ ጥርሶች አሳየኝ አልኩት። «ቆሻሻ አናስቀምጥም።» የክራንኩ የፊት ቡሎን አንዴ ከተፈታ አይመለስም፣ አዲስ ይገባል፤ የገዛህበትን አሳየኝ ስለው ለመጀመሪያ ጊዜ ፊቱ ተለወጠ። «አንተ ልጅ፣ እየረገጥክ የሰበርከውን እኔ ላይ አታምጣ» አለና ወደ ወጣቱ ዞረ። «አትስማው፣ ተናዶ ነው፤ መኪና የማይችል ሰው ሲይዛት እንዲህ ነው።»

ባለኮፍያው በመስኮት የመጣሁበትን አይቷል። «ወንድምዬ፣ አሁን ነው ልክህን ያገኘኸው፤ ካምሪ ነው የሚያዋጣህ» አለኝ። ሳቁ፣ ሁሉም። ያ ሳቅ ነው እስካሁን የሚያቃጥለኝ። ብሩ ይቃጠል፣ ብር ይሰራል። አንብቤ ሄጄ፣ ጽፌ ሰጥቼ፣ የጠየቁኝን ከፍዬ ስዘረፍ መሳቂያውም እኔው መሆኔ! ደግሞ በመሀል ቡና የምታፈላው ልጅ ጠቡን እያየች ስኒ ዘርግታልኝ ተቀብዬ ቆሜያለሁ። ስኒ ይዞ እንዴት ይጮሃል ሰው?

ማስረጃዬ ምንድን ነው? የዜል መልእክትና «ሱፐርቻርጀር ከነሙሉ እቃው» የሚል በእጅ የተጻፈ አንድ ወረቀት። ባንኩን ጠየቅሁ፤ ራስህ ፈቅደህ የላክኸው ስለሆነ አንመልስም አሉ። በክሬዲት ካርድ ከፍዬ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ መከራከሪያ በር ነበረኝ። ቨርጂኒያ ውስጥ ስሞል ክሌምስ (የአነስተኛ ገንዘብ ክርክር) ፍርድ ቤት እስከ 5,000 ዶላር ድረስ ያያል፤ ጠበቃ ሳያስፈልግ ራስህ ቀርበህ ትናገራለህ። የ2,400ውን እዚያ አቀርባለሁ። አዲስ ሞተር ግን ከነስራው ከ10 ሺህ በላይ ነው፤ እሱ ሌላ ክስ ነው፣ ገና እያሰብኩበት ነው።

እናንተ እንግዲህ፣ ጥርስ ስታስቀይሩ ክዳኑ ወልቆ አዲሱ ጥርስ ቦታው ላይ ተቀምጦ፣ የመኪናችሁ ታርጋ አብሮ እየታየ ፎቶ እንዲነሳላችሁ ጠይቁ። የወጣውን እቃና የድሮውን ቡሎን በእጃችሁ ተቀበሉ። ከጋራዥ እንደወጣችሁ አንድ ካንዴላ ራሳችሁ ፈታችሁ ክፍተቱን ለኩ፤ እሱ ካልተነካ ሌላውንም ተጠራጠሩ። ድብልቁ የማይታይበት የዳይኖ ወረቀት አትቀበሉ። በካርድ ክፈሉ፣ ታክሷንም ክፈሉ።

የዘይት ፓምፕ ጥርስ ሰማያዊ ቴፕ ካለበት ካርቶን አውጥቶ ያሳያችሁ ጋራዥ ካለ መኪናውን እስከ ጥግ እንዳትረግጡ፤ መጀመሪያ ሌላ ሰው ጋ ወስዳችሁ የክዳኑን ማሸጊያ አሳዩ። ያልተከፈተ ሆኖ ካገኛችሁት በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፍርድ ቤት አብሮኝ የሚቆም ሰው እፈልጋለሁ። ትናንት ቁልፍ እያሽከረከርክ የነበርከው ልጅ በተለይ አንተ፣ ከፍለህ ከሆነ ዛሬውኑ ደውል።