እናቴን ይዤ ባሌ ተራሮች፦ አምስት ቀን በእግርና በመኪና

ካናዳ ከገባሁ 14 ዓመት ሆነኝ። አገር ቤት ስመጣ ዕረፍቴ የሚያልቀው ከዘመድ ቤት ዘመድ ቤት ስዞር ነው። ዘንድሮ ግን አምስት ቀን ቆርጬ እናቴን ባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ወሰድኳት። 71 ዓመቷ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ በእግሯ የሄደችው ለገበያ፣ ለቤተ ክርስቲያንና ለለቅሶ ነው። «ታዲያ በእግር ለመሄድ ነው 400 ኪሎ ሜትር በመኪና የምንነዳው?» አለችኝ። አዎ፣ ለዚያ ነበር።

መጀመሪያ ስለ መኪናው ልናገር፣ ምክንያቱም ጉዞዬን ሊያበላሽብኝ ነበር። አዲስ አበባ ያለው አከራይ በስልክ የተስማማው ከፍ ያለ ባለ ፎርዊል መኪና ሊልክልን ነው። ጠዋት በር ላይ የቆመው ግን ዝቅ ያለች የቤት መኪና ናት። ሁለት ሰዓት ሙሉ በስልክ ተጨቃጨቅን። በመጨረሻ ትክክለኛው መጣ፣ ግን ዋጋ ተጨመረበት። ስለዚህ የመኪናውን ዓይነት፣ ነዳጁን ማን እንደሚሸፍንና የሹፌሩን አበል ቀድማችሁ በጽሑፍ ያዙ። ሹፌሩን ግን አመሰግነዋለሁ። ከአዳማ እስከ አሰላ፣ ከዚያም በበቆጂና በዶዶላ በኩል እስክንወጣ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳን አልተጣደፈም። የአርሲን የስንዴና የገብስ ማሳ እናቴ እያየች «ቆም በልልኝ» ባለች ቁጥር ቆመልን።

ያደርነው ዲንሾ ነው፣ የፓርኩ ዋና ጽሕፈት ቤት ያለበት ከተማ። ብዙ ሰው ሮቤ ወይም ጎባ ያድርና ለሁለት ሰዓት ብቅ ብሎ ይመለሳል። እኔ ዲንሾ እንድታድሩ እመክራለሁ። ጠዋት ከመኝታችሁ ተነስታችሁ ሳትነዱ ጫካው ውስጥ ናችሁ። ማረፊያችን ቀላል ነው፤ አልጋ፣ ወፍራም ብርድ ልብስ፣ ማታ የሚነድ እሳት። ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ ሌሊቱ አጥንት ይሰብራል። ጋቢና ካልሲ አትርሱ። መጨረሻ ላይ ከተማ ውስጥ አንድ ሌሊት ያደርንበት ሆቴል ከዚህ ብዙ እጥፍ አስከፍሎን ሙቅ ውሃ አልነበረውም። ስንጠይቅም «ነገ ይመጣል» ነው መልሱ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ አስጎብኚው። ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ የመግቢያ ከፍለን (ለዜጋና ለውጭ አገር ሰው ክፍያው ይለያያል) የአካባቢውን አስጎብኚ ያዝን። የዲንሾ ልጅ ነው፣ እዚያው ከብት ሲጠብቅ ያደገ። ገና ከመነሳታችን እናቴን ከፊት አስቀደማት፤ እሱ ከኋላዋ ሆነ። «እማዬ፣ በእርስዎ እርምጃ ነው የምንሄደው» አላት። ብዙ ቦታ ተጉዣለሁ፤ ብዙ አስጎብኚ ከፊት ይሮጣል፣ ተጓዡ ይከተላል። እዚህ ግን እሷ ስትቆም ሁላችንም ቆምን። በዚህ ምክንያት ብቻ ሳይሆን አይቀርም ብዙ ያየነው።

በጥዱና በኮሶው ዛፍ መሃል አሥር ደቂቃ ሳንሄድ የደጋ አጋዘን አገኘን። አንድ ወንድ፣ ቀንዱ ጠምዘዝ ያለ፣ ከሱ ወዲያ አምስት ሴቶች። አልሸሹም። እናቴ ዝም ብላ ቆይታ «ይሄ የአሥር ሳንቲሙ አይደለም እንዴ?» አለች። ነው። ሳንቲማችን ላይ ያለው ራሱ ነው። ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም፤ የሳይንሱ ዓለም ስም የሰጠው እንኳን እ.ኤ.አ. በ1910 ነው። እኔ ልጅ ሆኜ በዚያች ሳንቲም ከረሜላ ስገዛ ምን እንደተሳለባት አስተውዬ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ እናቴ አስጎብኚዋን ማስጎብኘት ጀመረች። ቀይ አበባ ያንጠለጠለ ኮሶ ስር ቆማ፣ ልጅ ሳለች አያቷ እንዴት አድርገው ኮሶ እንዳጠጧት፣ ምሬቱን፣ ቀኑን ሙሉ ምግብ እንዳልቀመሰች ነገረችው። እሱ በኦሮምኛ «ሄጦ» እንደሚባል ነገራት። ሰዓታችን አልፎ ነበር፤ አንዴም ሰዓቱን አላየም። በማግስቱ ጋይሳይ ሜዳ ላይም እንዲሁ በቀስታ ሄድን። ሜዳው ለጥ ያለ ስለሆነ ለአዛውንት ይመቻል። ከርከሮና የምኒልክ ድኩላም አየን።

በፓርኩ ሦስተኛው ቀናችን ሳነቲ የሚባለው አምባ ነው። ይህ በመኪና ነው የሚሆነው። ከጎባ ተነስቶ የአስታውን ቁጥቋጦ ሰንጥቆ ወደ 4,000 ሜትር ይወጣል። ዛፍ ያበቃና ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል ብቻ ይቀራል፣ ሜዳው ላይ እንደ ሰው ተተክሎ። መግቢያው ላይ ደረሰኝ ስለጠየቁን የዲንሾውን አትጣሉ። ቀይ ቀበሮ ለማየት ከመኪናው ወርደን ጸጥ ብለን ተቀመጥን። አርባ ደቂቃ ያህል ምንም የለም። ከዚያ አንዷ መጣች፣ አንገቷን ዝቅ አድርጋ፣ የፍልፈል ጉድጓድ እያሸተተች። ቀበሮዎቹ የሚኖሩት በመንጋ ነው፣ የሚያድኑት ግን ለየብቻ። በዓለም ላይ የቀሩት ከ500 አይበልጡም፤ ከግማሽ በላዩ እዚህ ባሌ ውስጥ ነው። ትልቁ ጠላታቸው ከውሻ የሚጋባ የእብድ ውሻ በሽታ እንደሆነና ለዚህም በዙሪያው ያሉ ውሾች እንደሚከተቡ አስጎብኚው አስረዳን። ይህን እያወራን ሳለ ሌላ መኪና ከመንገድ ወጥቶ ሣሩን እየደፈጠጠ ቀበሮዋን ለፎቶ አባረራት። በጣም ነው የተናደድኩት። እባካችሁ ሹፌራችሁ ከመንገድ እንዳይወጣ ከመጀመሪያው ንገሩት።

የቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ፣ 4,377 ሜትር፣ መኪና ይደርሳል። እናቴን ግን መንገድ ላይ ራሷን አመማት። አስጎብኚው ውሃ አጠጣትና «ጫፉ ይቅር፣ እንውረድ» አለ። እኔ ጫፉን ማየት ፈልጌ ነበር። ትክክሉ እሱ ነበር። ወደ ሐረና ጫካ ስንወርድ ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሕመሙ ለቀቃት። እዚያ ሌላ አገር ነው፤ ጉም፣ ሽበት የመሰለ ነገር የተንጠለጠለበት ዛፍ፣ እርጥብ አፈር። ከዚያ ዝቅ ሲል ቡናው ራሱ በቅሎ የሚገኝበት ጫካ አለ። ሪራ የምትባል መንደር ላይ ማር ገዛን። እናቴ ቀምሳ ዋጋ ሳትከራከር የገዛችው ብቸኛው ነገር ነው።

የቀረብኝ የዌብ ሸለቆ ነው። እዚያ ፊንጫ ሀበራ ከሚባለው ፏፏቴ አጠገብ የዋሻ ጥላ አለ፤ ከ40,000 ዓመት በፊት ሰዎች እዚያ እሳት አንድደው ፍልፈል እየጠበሱ እንደኖሩ ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ለሱ ፈረስና ሙሉ ቀን ያስፈልጋል። እናንተ ቀን ከጨመራችሁ እሱን አትለፉት።

ለአስጎብኚው የተተመነውን በደረሰኝ፣ ጉርሻውን በእጁ ሰጠነው። እናቴ ለብቻዋ ከመቀነቷ ፈትታ ጨመረችለት፣ መርቃም ሸኘችው። አዲስ አበባ እንደገባን ሳጥኗን ከፍታ አሮጌ አሥር ሳንቲም አወጣች። አሁን ለቡና የመጣ ሰው ሁሉ አጋዘኑን ሳያይ አይወጣም።