“ፒስተን ቀይረን በአንድ ቀን እናስረክባለን” የሚለውን ሥራ አትቀበሉ፦ ለሰሜን ሸዋ የቱ ስትሮክ ሞተር ባለቤቶች

ያማሃ ዲቲ 125፣ ኤጂ 100 ወይም ሌላ ቱ ስትሮክ ሞተር ሳይክል ለምትነዱ፣ ከጨረታ ለመግዛት ለምታስቡም ሁሉ። “ፒስተን፣ ፋሻና (የፒስተኑ ዙሪያ ቀለበት) ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) ቀይረን፣ ጠዋት ያመጣችሁትን ማታ ትወስዳላችሁ” ተብሎ በአንድ ዋጋ የሚቀርብ ሥራ ካጋጠማችሁ ገንዘባችሁን አትስጡ። በዚህ መንገድ የታደሰ ሞተር ብዙ ጊዜ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ሳይሄድ ፒስተኑ ይነክሳል (ሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ይቆማል)። ያኔ የሚጠፋው የከፈላችሁት ብቻ አይደለም። የተላጠው አሉሚኒየም ወደ ካርተሩ (የሞተሩ የታችኛው ቤት) ወርዶ የቤላውን (ፒስተኑን ከኮሎው የሚያገናኘው ዘንግ) ኩችኔታ ስለሚበላው፣ ሁለተኛው ጥገና ኮሎ (የሚሽከረከረው ዋና ዘንግ) የሚያስወጣ ይሆናል።

ሥራው ጭራሽ ላያስፈልጋችሁም ይችላል። የተለመደው ማግባቢያ በካንዴላው ቀዳዳ ኮምፕሬሽን (የታመቀው አየር ግፊት) መለኪያ አስገብቶ “መጽሐፉ 120 ይላል፣ የአንተ 85 ነው፣ ፋሻው አልቋል” ማለት ነው። ደብረ ብርሃን 2,840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ብቻ ነው። በባሕር ጠለል 120 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ አሃድ) የሚያሳይ ጤነኛ ሞተር ደብረ ብርሃን ላይ 85 ገደማ ቢያሳይ ምንም አልሆነም። ያው ሞተር 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ባለችው ሸዋ ሮቢት 103 አካባቢ ያሳያል፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ባለችው መሐል ሜዳ ደግሞ ከደብረ ብርሃኑም ያንሳል። ልኬቱ ጋዝ ሙሉ በሙሉ ተከፍቶ መወሰድ አለበት፤ ጋዝ ተዘግቶ ከተለካ ቁጥሩ በውሸት ይወርዳል። ከተጠራጠራችሁ በካንዴላው ቀዳዳ 5 ሚሊ ሊትር ያህል ዘይት አስጨምራችሁ እንደገና አስለኩ። ቁጥሩ በጣም ከዘለለ ፋሻው ወይም ሲሊንደሩ በእርግጥ አልቋል። ካልተነቃነቀ ግን ቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ሥር ያለውን ጓርኒሲዮን አስቀድማችሁ አስፈትሹ፤ ሞተሩን ለማስወረድ አትቸኩሉ።

እድሳቱ የግድ ከሆነ፣ አንድ ቀን የማይበቃው በልኬቱ ምክንያት ነው። ሲሊንደሩ ከላይ፣ ከመሃልና ከታች፣ በየቦታው በሁለት አቅጣጫ ይለካል። ከላይ እስከ ታች ያለው ልዩነት 0.05 ሚሊ ሜትር ካለፈ ቦሪንግ (ሲሊንደሩን በማሽን ማስፋት) ይገባል እንጂ በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ አዲስ ፒስተን አይገባበትም። የዲቲ 125 ሲሊንደር ስፋት 56 ሚሊ ሜትር፣ የኤጂ 100 ደግሞ 52 ነው፤ ከቦሪንግ በኋላ የሚገባው ትልቅ ፒስተን በ0.25 እየጨመረ ይሄዳል። መጀመሪያ ፒስተኑ ይገዛል፣ በማይክሮሜትር ይለካል፣ ከዚያ ሲሊንደሩ በእሱ ልክ ይሰፋል። ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ቁጥር አምኖ ማስፋት፣ በተለይ ተመሳስሎ የተሠራ ዕቃ በበዛበት ገበያ፣ ሞተርን እያወቁ ማበላሸት ነው። በፒስተኑና በሲሊንደሩ መካከል የሚቀረው ክፍተት ለእነዚህ ሞተሮች 0.04 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ትክክለኛው ቁጥር በሞዴሉ የጥገና መጽሐፍ ላይ አለ። ከዚያ ከጠበበ በደብረ ብርሃን ውርጭ ጠዋት ሞተሩን አስነስቶ ወዲያው ጋዝ የሚሰጥ ሰው ፒስተኑን በአራት ማዕዘኑ ያስነክሰዋል፤ ፒስተኑ ቶሎ ሞቆ ሲያብጥ ሲሊንደሩ ገና ቀዝቃዛ ነውና።

ቦሪንግ ከተሠራ በኋላ የአየር መግቢያና የጭስ መውጫ ቀዳዳዎቹ ጠርዝ በጥቂቱ መሞረድ አለበት። ቶርኖ ቤቱ (ሲሊንደሩን ያሰፋው ቤት) ይህን ከዘለለ ስለታማው ጠርዝ ፋሻውን ይይዘውና ይሰብረዋል። ከዚያ ሲሊንደሩ በሙቅ ውኃና በሳሙና ይታጠባል፤ በቤንዚን ብቻ ማጠብ በማስፊያው ድንጋይ በቀሩት ጭረቶች ውስጥ የተቀበረውን ብናኝ አያወጣም። ነጭ ጨርቅ ሲታሸበት ጥቁር ካሳየ ገና አልጸዳም። ፋሻው ብቻውን ሲሊንደሩ ውስጥ ገብቶ የጫፎቹ ክፍተት በፊለር ጌጅ (ቀጭን የክፍተት መለኪያ) ይለካል፤ ለ56 ሚሊ ሜትር ከ0.25 እስከ 0.45 አካባቢ ነው። የጫፎቹ ቦታ በፒስተኑ ላይ ካሉት ትናንሽ ካስማዎች ጋር መግጠም አለበት፤ በፒስተኑ አናት ያለው ቀስት ወደ ጭስ መውጫው፣ በፋሻው ላይ ያለው ምልክትም ወደ ላይ።

አብዛኛው ሰው የሚጎዳው ግን ከዚህ ሁሉ ይልቅ በፓራዎሊዮ (በዘንግ ዙሪያ ዘይትና አየር የሚያግድ ጎማ) ነው። የቱ ስትሮክ ሞተር ካርተር አየርና ነዳጅ የሚጨመቅበት ክፍል ስለሆነ፣ በኮሎው ግራና ቀኝ ያሉት ሁለት ፓራዎሊዮዎች አየር ማሳለፍ የለባቸውም። በማኞው (እሳት አመንጪው) በኩል ያለው ከደረቀ ንጹሕ አየር ይስባል፣ ድብልቁ ይሳሳል፣ ፒስተኑ ይግላል። በፍሪሲዮን በኩል ያለው ሲያልቅ የማርሹን ዘይት ስቦ ያቃጥላል፤ ነጭ ጭስ ይበዛል፣ የማርሹም ዘይት ያለምክንያት ይጎድላል። የአንድ ቀኑ ጥቅል ሥራ እነዚህን አይነካም። የድሮውን ፒስተን የገደለው ያው ቀዳዳ እዚያው ተቀምጦ አዲሱን ይጠብቃል። መፈተሻው ቀላል ነው፦ የካርቡራቶሩና የጭሱ ቀዳዳዎች በጎማ ይደፈናሉ፣ በእጅ ፓምፕ 0.4 ባር ያህል አየር ይገባል፣ ለ6 ደቂቃ ያህል ሳይወርድ መቆየት አለበት። ከወረደ የሳሙና ውኃ ቀብታችሁ አረፋ የሚወጣበትን ፈልጉ፤ የሲሊንደሩ ሥርና የካርቡራቶሩ ጎማም ያፈሳሉ። ይህን የማይሠራ ጋራዥ ቱ ስትሮክ ሞተር ማውረድ የለበትም።

ቤላውንም አስነቅንቁት። ወደ ላይና ወደ ታች ምንም ጨዋታ ሊኖረው አይገባም፤ ወደ ጎን ጫፉ ላይ ከ2 ሚሊ ሜትር በላይ ከተንቀሳቀሰ የታችኛው ኩችኔታ አልቋል፣ ከላይ የሚደረግለት እድሳትም ገንዘብ መጣል ነው።

የእኛ አገር መልክዓ ምድር ደግሞ የራሱን ጣጣ ይጨምራል። ደብረ ብርሃን ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩ ነዳጅ ይበዛበትና ያፍናል፤ መካኒኩ የካርቡራቶሩን ዋና ጂግለር (ነዳጁን መጥኖ የሚያሳልፈው ቀዳዳ) በትንሽ ይቀይረዋል፣ ሞተሩም ይነቃል። ያንኑ ሞተር በጣርማበር አውርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ የአየሩ ግፊት በአንድ አምስተኛ ያህል ጨምሯል፣ ጂግለሩ ግን ያው ትንሹ ነው። ነዳጁ ይሳሳል፣ በሙቀቱ ላይ ጋዝ ሲሰጠው ይነክሳል። ስለዚህ ወደ ቆላ የምትመላለሱ ከሆነ የፋብሪካው ጂግለር ይግባላችሁ፤ ደጋ ላይ ትንሽ መታፈን ፒስተን ከመቀየር ይሻላል። ጂግለሩ ተቀይሮ ከሆነ የድሮውን ተቀበሉና ቁጥሩን ጻፉት።

ቁልቁለቱ ራሱም አደጋ አለው። ጋዝ ዘግታችሁ በማርሽ ብቻ ከጣርማበር ወደ ደብረ ሲና ስትወርዱ ሞተሩ በፍጥነት ይዞራል፣ ዘይት ግን ከነዳጁ ጋር ስለሚመጣ ወይም ፓምፑ በጋዙ ልክ ስለሚመጥን እጅግ ትንሽ ነው የሚደርሰው። አዲስ ፒስተን ይህን አይችልም። በየጥቂት መቶ ሜትሩ ፍሪሲዮን ይዛችሁ ለአፍታ ጋዝ ስጡት፤ ወደ ጀማ ሸለቆ የምትወርዱም እንዲሁ። የዘይት ፓምፑ ተነቅሎ ወይም ተደፍኖ ከሆነ ለአንድ ሊትር ቤንዚን ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሊትር የቱ ስትሮክ ዘይት ቀላቅሉ፤ የመኪና ሞተር ዘይት ምትክ አይሆንም። ፓምፑ ካለም፣ ከእድሳት በኋላ በቧንቧው ውስጥ አየር ሊቀር ስለሚችል፣ የመጀመሪያው ታንክ ላይ በሊትር 20 ሚሊ ሊትር ጨምሩ።

ሞተሩን ስትረከቡ የድሮውን ፒስተን ጠይቁ። አልሰጥም የሚል ካለ ሥራውን ተጠራጠሩት። ጭረቱ በጭስ መውጫው በኩል ብቻ ከሆነ ምክንያቱ የነዳጅ መሳሳት ወይም የዘይት እጥረት ነው። በነዳጅ መግቢያው በኩል ደብዛዛ፣ የታሸ የሚመስል ከሆነ አቧራ ነው፤ ፊልትሮው (የአየር ማጣሪያው) ተቀዶ ወይም ሳይኖር ተነድቷል። አናቱ ከተበሳ ድብልቁ ሳስቷል፣ ካንዴላው ለሞተሩ አይስማማም ወይም የእሳት ሰዓቱ ተዛብቷል። ፒስተኑን ከቤላው ጋር የሚያያይዘው ፒን መያዣ ቀለበቶች አሮጌ ከነበሩና አንዱ ካመለጠ ሲሊንደሩ ላይ ከላይ እስከ ታች የተጋጠበ መስመር ታያላችሁ፤ እነዚህ ቀለበቶች ዋጋቸው ትንሽ ስለሆነ ሁልጊዜ አዲስ ይግቡ። በሲሊንደሩ ሥር ሲልከን ተለቅልቆ ከወጣም መጥፎ ምልክት ነው፤ ትርፉ ወደ ውስጥ ተቆርሶ መንገድ ይዘጋል።

“ሞተሩ አዲስ ተሠርቷል” ተብሎ የሚሸጥ ሞተር ሳይክል ሲቀርብላችሁ ቀዝቃዛ ሆኖ ሳለ ድረሱ። ሞቆ ከጠበቃችሁ ሌላ ቀን ኑ። አስነሱት፣ ጋዝ ስጡና ልቀቁ፤ ዙሩ ወዲያው ካልወረደና ተንጠልጥሎ ከቀረ አየር እየሳበ ነው። የማርሹን ዘይት እዩት። የፒስተኑን ልክ፣ የጂግለሩን ቁጥርና ቦሪንግ የሠራውን ቤት ደረሰኝ ጠይቁ። እነዚህ ከሌሉ “ተሠርቷል” የሚለው ቃል ዋጋ ላይ አንድ ብር አይጨምርም።

ጋራዥ ስትከፍሉም ደረሰኙ ላይ የተለካው ክፍተት፣ የፓራዎሊዮው መቀየርና የአየር ፍተሻው ውጤት ይጻፍ። ደረሰኝ መስጠት የነጋዴው ግዴታ ነው፤ ክርክር ቢነሳ ለከተማው ንግድ ጽሕፈት ቤት የምታቀርቡት እሱን ነው። ይህ ጥቅል ሥራ ከወዲሁ ተሠርቶላችሁ ከሆነና ዙሩ ከተንጠለጠለ ወይም ነጭ ጭስ ካያችሁ፣ የአየር ፍተሻው እስኪደረግ ድረስ ሞተሩን አታስነሱት። ደህና ከሆነ ደግሞ የመጀመሪያዎቹን 500 ኪሎ ሜትር ከግማሽ ጋዝ በላይ አትስጡት፣ ሁለት ሰውና ጤፍ አትጫኑበት፤ መጀመሪያ 10 ደቂቃ ሠርቶ ሙሉ በሙሉ ሲቀዘቅዝም የቴስታታው ዳዶዎች በመስቀል ቅደም ተከተል በቶርክ መፍቻ እንደገና ይጥበቁ።