ፓርክ ላይ ኮከብ ከመስጠታችሁ በፊት በየትኛው ወር እንደሄዳችሁ ተናገሩ

ሰው ሁሌ የሚጠይቀኝ «ሰሜን ተራሮች ይሻላል ባሌ?» ነው፣ ላሊበላስ ለቤተሰብ ይሆናል ወይ፣ አዋሽ ፓርክ እውነት እንስሳ አለው ወይስ ወሬ ነው ምናምን። እኔ ከተማሪነቴ ጀምሮ ብሬን በዚህ ነገር ስጨርስ የኖርኩ ሰው ነኝ፣ መጀመሪያ ከጓደኞች ጋር በአውቶብስ፣ አሁን ደግሞ ከባለቤቴና ከልጆች ጋር በመኪና፣ አንዳንዱ ቦታ ጋማ ዘመዶች ያሉኝ እስኪመስል ተመላልሻለሁ። እና ከዚህ ሁሉ መመላለስ የገባኝ ነገር ቢኖር አንድ ቦታ በመስከረምና በመጋቢት አንድ ቦታ አለመሆኑ ነው። ኢንተርኔት ላይ «ምንም የለውም፣ ብር ማባከን ነው» እየተባለ የሚጻፈው ግማሹ ኮሜንት ቦታውን ሳይሆን ወሩን ወይ ሰዓቱን ነው የሚሳደበው።

በጣም በሚሰደበው በአዋሽ ልጀምር። ከአዲስ አበባ 200 ኪሎ ሜትር ትንሽ አለፍ ይላል፣ መተሐራን አልፋችሁ፣ የጅቡቲው መንገድ ራሱ ፓርኩን ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ችግሩም ከዚህ ይጀምራል፣ ቅርብ ስለሆነ ሰው እሁድ ጠዋት ተኝቶ ይነሳና አዳማ ቁርስ በልቶ ፎቶ ተነስቶ ቀን 6 ሰዓት ላይ በር ላይ ይደርሳል። በዛ ሙቀት እኮ እንኳን ሳላ ሰውም ከግራር ጥላ አይወጣም! ከዛ ሁለት ከርከሮና አንድ የዝንጀሮ መንጋ አይቶ ይመለስና «ባዶ ነው» ብሎ ይጽፋል። እዛው አካባቢ አድሩና ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ግቡ፣ ሜዳው ላይ ሳላዎቹ ያንን ቀጥ ያለ ረጅም ቀንዳቸውን ይዘው ተበትነው ሲግጡ ታያላችሁ፣ ከኋላ ደግሞ የፈንታሌ ተራራ። ወሩን በተመለከተ ሁለቱን ነገር አንድ ላይ አታገኙም፣ ፏፏቴውን በሙሉ ጉልበቱ ማየት ከፈለጋችሁ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ሂዱ፣ ውሃው ቡናማ ሆኖ ነው የሚወርደው ግን ድምፁ ሌላ ነው፣ ያኔ ግን ሳሩ አድጎ እንስሳውን ይሸፍንባችኋል። እንስሳ ከሆነ ፍላጎታችሁ ሳሩ ከደረቀ በኋላ ከኅዳር እስከ ጥር። በሰሜኑ በኩል ያለው ፍል ውሃ ዘንባባው መሀል በጣም ያምራል፣ ውሃው ግን ቀልድ አይደለም ያቃጥላል፣ ልጅ ይዛችሁ ከሆነ እጁን አትልቀቁት። በ2017 ዓ.ም. ፈንታሌ አካባቢ ያ ሁሉ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ሰው እስከመፈናቀል ስለደረሰ ከመሄዳችሁ በፊት ደውሎ መጠየቅ ጥሩ ነው።

አሁን ወደ ባሌ። ይሄን ሳወራ ሰው እንደሚሰለቸኝ አውቃለሁ ግን ምን ላድርግ። ከአዲስ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ዲንሾ ላይ የፓርኩ ዋና ቢሮ አለ፣ እዛው ግቢው አካባቢ ካለው ጫካ የደጋ አጋዘን ወጥቶ ይቆምላችኋል፣ የምኒልክ ድኩላም አለ፣ ከመኪና ወርዳችሁ ብዙም ሳትራመዱ ማለት ነው። የደጋ አጋዘን ከኢትዮጵያ ውጪ የትም የለም፣ ይሄን ለልጆቼ ስነግራቸው «እሱ ያውቃል?» ብላ የጠየቀችኝ ትንሿ ናት። ለእኔ ግን የባሌ ነገር ሳነቲ ነው። ከጎባ ወደ ላይ መንገዱ ይወጣል ይወጣል፣ የአስታው ጫካ ያልቅና ድንገት 4,000 ሜትር ላይ ሜዳ ትሆናላችሁ፣ ጅብራ የሚባለው ረጅም ተክል እዚህም እዚያም ቆሟል፣ ትናንሽ ሐይቆች፣ ድንጋይ፣ ሰማይ፣ በቃ። ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው፣ በአገራችን በጣም ከፍ ካሉት ተራሮች አንዱ፣ ጫፉ ድረስ ደግሞ በመኪና ይወጣል። እናቴን እዛ ላይ አውጥቻታለሁ፣ ጋቢዋን ተከናንባ ከመኪናው አልወርድም ብላ በመስኮት ነው ያየችው ግን አይታለች።

ቀይ ቀበሮ የምታዩት እዚህ ነው። በዓለም ላይ የቀረው ከ500 በታች እንደሆነ ነው የሚነገረው፣ ከግማሽ በላዩ ደግሞ ባሌ ውስጥ። እዚህ ጋ የሰዓቱ ነገር ከአዋሽ ይለያል፣ ሰው አውሬ ሲባል ሌሊት ወይ ንጋት ብቻ ይመስለዋል፣ ቀይ ቀበሮ ግን የሚበላው ፍልፈልና አይጥ ስለሆነ እነሱ ፀሐይ ሲሞቃቸው ነው ከጉድጓድ የሚወጡት፣ እሱም ያኔ ነው ሥራ የሚጀምረው። ስለዚህ ጠዋት ከ2 ሰዓት እስከ 5 ሰዓት ሳነቲ ላይ በዝግታ መንዳት፣ ሞተር አጥፍቶ መቆም፣ ዝም ማለት። ለብቻው ነው የሚያድነው፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆሞ ሲጠብቅ መኪናችሁን ከቁብም አይቆጥረውም። ምግብ ወርውሮ ፎቶ ለማንሳት የሚሞክር ሰው አይቼ በጣም ተናድጃለሁ፣ ውሻ ይዞ የሚመጣማ ጭራሽ፣ እነዚህን ቀበሮዎች በየጊዜው የሚጨርሳቸው ከውሻ የሚመጣ የእብድ ውሻ በሽታ ነው እኮ።

ሳነቲን ጨርሳችሁ ወደ ደቡብ ስትወርዱ ደግሞ ሐረና ጫካ ነው፣ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከዛ ቅዝቃዜ ወደ እርጥብ ጥቅጥቅ ጫካ፣ ዛፉ ላይ ቀፎ ተሰቅሎ፣ ከሥሩ ማንም ያልተከለው የጫካ ቡና። ሪራ መንደር ላይ ማር መግዛት አትርሱ። ባሌ በ2023 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ ሲመዘግበው እኔ ብዙም አልገረመኝም፣ የገረመኝ እስከዛ መቆየቱ ነው። ወሩ? ከኅዳር እስከ የካቲት ሰማዩ ክፍት ነው፣ ሌሊቱ ግን ከዜሮ በታች ይወርዳል፣ ጠዋት ሳሩ ላይ ነጭ ውርጭ ታያላችሁ። ሐምሌና ነሐሴ ሳነቲ ላይ ጉም ከመጣ የራሳችሁን የመኪና አፍንጫ አታዩም፣ ጓደኛዬ ያኔ ሄዶ «ነጭ ግድግዳ አይቼ መጣሁ» አለኝ። ኮከብ ስጥ ካላችሁኝ ባሌ በታኅሣሥ 5 ከ5፣ ያው ባሌ በሐምሌ 2።

ሰሜን ተራሮችን ከባሌ ጋር ማወዳደር አልወድም ግን ስለምትጠይቁኝ። ገደሉን ማየት የሚፈልግ ሰው ሰሜን ይሂድ፣ እንደሱ ያለ ነገር ባሌ ላይ የለም። እመት ጎጎ 3,926 ሜትር ላይ ቆማችሁ ወደታች ስታዩ ጉልበታችሁ ራሱ ይጠይቃችኋል። ግን ሰሜን በእግር ለሚሄድ ሰው ነው። ደባርቅ ላይ ትከፍላላችሁ፣ ስካውት ማለትም የፓርክ ጠባቂ ትይዛላችሁ፣ በቅሎና ምግብ አብሳይ ካስፈለገ ትነጋገራላችሁ፣ ከዛ ሳንቃበር፣ ጊች፣ ጨነቅ እያላችሁ ማደር። በአንድ ቀን ደርሼ ልመለስ የሚል ሰው ጭላዳ አይቶ ይመለሳል፣ እሱም ራሱ ትንሽ ነገር አይደለም። ጭላዳዎቹ ሌሊት የሚያድሩት ገደሉ ላይ ስለሆነ ጠዋት አንድ በአንድ ወደ ላይ ይወጡና ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ከዛ ሳር መንጨት ይጀምራሉ፣ መሀላቸው ተቀምጣችሁ ጥርሳቸው ሳሩን ሲቆርጠው ትሰማላችሁ። ዋልያ ግን ትዕግሥት ነው፣ ጨነቅ አካባቢ ጠዋት ወይ አመሻሽ ላይ ጥሩ ዕድል አለ፣ ስካውቱ ገደሉ ላይ በጣቱ ሲያሳያችሁ ድንጋይ ነው ብላችሁ ትከራከራላችሁ ከዛ ድንጋዩ ይንቀሳቀሳል።

ሰሜን ላይ የእኔ ወር ከመስከረም መጨረሻ እስከ ጥቅምት ነው፣ አረንጓዴው ገና አልሄደም፣ አደይ አበባው አለ፣ ዝናቡ ወጥቷል። ታኅሣሥ ጥርት ያለ ነው ግን ብርዱ! መጋቢት ላይ ደግሞ ሁሉ ነገር ቢጫ ይሆንና አቧራ ይሸፍነዋል፣ ያንን ሁሉ ሸንተረር ጭጋግ ይውጠዋል። በነገራችን ላይ ይሄ ፓርክ በ1978 እ.ኤ.አ. ከላሊበላ ጋር በመጀመሪያው ዙር ነው የተመዘገበው፣ ከዛ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ቆይቶ ወጣ። ድሮ ጊች መንደር ውስጥ አልፋችሁ ነበር ካምፑ ጋ የምትደርሱት፣ አሁን ነዋሪዎቹ ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል፣ ሳሩ ሲያገግም በዓይን ይታያል፣ ግን ቡና ያፈሉልን የነበሩት እናቶች ትዝ ይሉኛል፣ ሁለቱም እውነት ነው። የመንገዱን ሁኔታ ደግሞ ያው ታውቁታላችሁ፣ ወደ ሰሜንም ወደ ላሊበላም ከመነሳታችሁ በፊት እዛ የሚኖር ሰው ጋ ደውሉ፣ ፌስቡክ አትመኑ።

ጎንደር ላይ በጣም የሚያስቀኝ የፋሲል መዋኛ ነገር ነው። ሰው ሚያዝያ ላይ ይሄድና «ውሃ የለውም፣ ፎቶው ላይ ሌላ ነው» ብሎ ያማርራል። ውሃ የሚሞላው እኮ ለጥምቀት ነው፣ ከቀሃ ወንዝ፣ ከዛ ውጪ ደረቅ ነው፣ የዛፎቹ ሥር የድንጋዩን አጥር እንዴት አቅፎ እንደያዘው በደንብ የሚታየው ደግሞ ያኔ ሰው ሳይኖር ነው። ግንቡን ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት አካባቢ ግቡ፣ ብርሃኑ ድንጋዩን ወርቅ ያስመስለዋል። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግን ጠዋት ይሁን፣ ጣሪያው ላይ ያሉት የመላእክት ፊቶች ጠዋት ነው ደስ የሚሉት።

ላሊበላን በተመለከተ ከቤተሰብ ጋር ክርክር አለን። ባለቤቴ ለገና ካልሆነ አትሂዱ ባይ ናት፣ ቤተ ማርያም ዙሪያ ካህናቱ ከላይ ከታች ቆመው ቤዛ ኩሉ ሲሉ አንዴ የሰማ ሰው በሌላ ቀን አይጠግብም ትላለች፣ እውነቷን ነው። ግን ሕንፃውን፣ ማለቴ አንድ ድንጋይ ከላይ ወደታች ተፈልፍሎ መስኮት በር ዓምድ የሆነበትን ሥራ፣ በገና ማየት አይቻልም፣ ሰው በሰው ላይ ነው፣ አልጋ ዋጋው ጣሪያ ይነካል። እኔ ተራ ሳምንት እመርጣለሁ፣ ንጋት ላይ ቅዳሴ ሳለ ገብቶ ጥግ ይዞ መቆም፣ ከዛ ቤተ ጊዮርጊስን ፀሐይ ከፍ ሳይል። ወፍራም ካልሲ ያዙ፣ ጫማ 11ዱም ጋ ይወልቃል፣ ምንጣፉ ላይ ቁንጫ አለ፣ ጨለማው ዋሻ ውስጥ ደግሞ ባትሪ። በ2008 እ.ኤ.አ. የተሠራው መጠለያ ፎቶ ያበላሻል የሚል አለ፣ ያበላሻል፣ ግን ዝናቡ የሚያደርገውን ያየ ሰው አያማርርም።

ጊዜም ብርም ለሌለው ሰው ጥያ አለላችሁ። በቡታጅራ መንገድ የግማሽ ቀን ጉዞ ነው፣ 36 ትክል ድንጋዮች፣ አብዛኞቹ ላይ ጎራዴ ተቀርጾባቸዋል፣ ስትመለሱ ከድንጋይ የተፈለፈለችውን አዳዲ ማርያም ቤተ ክርስቲያንና የጥንት ሰው ቅሪት የተገኘበትን መልካ ቁንጡሬን ደርቡበት። ጥያ ላይ ብዙ መቆየት የለም፣ ድንጋይ ነው፣ አስጎብኚ ካልያዛችሁ 15 ደቂቃ አይፈጅም፣ ከያዛችሁ ግን ሰዓት ያልፋል። መልካ ቁንጡሬ በ2024 እ.ኤ.አ. ነው ዩኔስኮ የመዘገበው፣ እስካሁን ግን አብዛኛው አዲስ አበቤ በስሙም አያውቀውም።

አገልግሎቱን ልጨርስ። ስካውትና የአካባቢ አስጎብኚ ላይ ብር አትቆጥቡ፣ እንስሳውን የሚያገኘው የሱ ዓይን ነው። መጥፎም አለ፣ አንድ ቦታ ላይ፣ የቱ እንደሆነ አልናገርም፣ አስጎብኚያችን ሌላ ቡድን እየጠበቀው ስለነበር ያንን የሚያክል ቦታ በሩጫ ነው ያዞረን፣ ልጆቹ ጥያቄ ሲጠይቁት ሰዓቱን ያይ ነበር። ከዛ ወዲህ ከመነሳታችን በፊት «ስንት ሰዓት ነው ከኛ ጋር የምትቆየው?» ብዬ እጠይቃለሁ፣ ዋጋ የምነጋገረው ከዛ በኋላ ነው። ሽንት ቤት በየቦታው ደካማ ነው፣ ውሃ የለም ወይ ቁልፉን የያዘው ሰው ምሳ ሄዷል፣ ሶፍትና ውሃ ከቤት ይዛችሁ ውጡ። በቴሌብር እከፍላለሁ ብላችሁም ባዶ ኪስ አትሂዱ፣ ኔትወርኩ ጥሎ የሚጠፋው ልክ መክፈያው ጋ ነው። ደረሰኝ ጠይቁ፣ ያለ ደረሰኝ የተከፈለ ብር ፓርኩ ጋ አይደርስም።

እኛ ዘንድሮ ታኅሣሥ ላይ ተመልሰን ባሌ ነን፣ ከአዲስ አበባ ለሊት 10 ሰዓት ወጥተን ዲንሾ ማደር፣ ሁለተኛው ቀን ሳነቲ፣ ሦስተኛው ሐረና። በሰፊው ከመጣችሁ ሶፍ ዑመር ዋሻን ጨምሩበት፣ በጋ ስለሆነ የወይብ ወንዝ ይቀንስላችኋል፣ ክረምት ላይ ግን ውስጥ መግባት አይታሰብም። ጃኬት የሌለው ሰው ካለ አሁኑኑ መርካቶ ይሂድ፣ እኔ ካለኝ ላይ ማበደር አቁሜያለሁ።