ላሜን ቡሬን ከወደቀችበት ላስነሳልኝ የከብት ሀኪም ምስጋና፣ ጅማ ላም ላላችሁ ደሞ ጥቆማ

ሰላም የጅማ ሰዎች እንዴት ናችሁ። እኔ መጻፍ ላይ ሰነፍ ነኝ፣ የሰው አንብቤ ላይክ አድርጌ ነው የማልፈው፣ ይሄን ሳልጽፍ ብቀር ግን ቡሬ ራሷ የምትታዘበኝ ይመስለኛል። ቆጪ ሰፈር ጓሮዬ ውስጥ አራት ከብት አለኝ፣ ሁሉም የፈረንጅ ዲቃላ ናቸው፣ የልጆቼ ትምህርትም የቤቱ አስቤዛም ከነሱ ጡት ነው የሚወጣው።

ነገሩ የሆነው ባለፈው ክረምት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ነው፣ የጅማን ዝናብ መቼም ታውቁታላችሁ። ቡሬ አራተኛዋን ማታ በሰላም ወለደች፣ እንግዴ ልጁም በጊዜ ወረደ፣ ጥጃዋ እንገሯን ጠጣች፣ የተረፈውን እኛ ሙልጭ አድርገን አልበን ለጎረቤት አድለን ተኛን። ሲነጋ በረት ስገባ ቡሬ ወድቃለች። አንገቷን ወደ ጎኗ አጥፋ፣ አይኗ ፈዞ፣ ጆሮዋን ስነካው በረዶ። መጀመሪያ የጠራሁት ሰው (ማን እንደሆነ አልናገርም) መጣና ሙቀቷን እንኳን ሳይለካ አንድ አንቲባዮቲክ ወግቷት፣ ጠብቂያት ብሎ ብሩን ተቀብሎ ሄደ። ጠበቅኳት፣ ባሰባት። አንዷ ጎረቤቴ ትናንት እንገር ሲወስድ ያያት ሰው አይን ነው አለች፣ ሌላው ደሞ ነፍሷ ሳይወጣ ትታረድ እንጂ ምን ትጠብቂያለሽ ይለኛል፣ እኔ ደሞ ቁጭ ብዬ ማልቀስ ብቻ።

ፍሩሽካ የምገዛበት ሱቅ ያለው ልጅ ነው የዶክተሩን ስልክ የሰጠኝ። ባጃጁ ጭቃው ውስጥ ቆሞበት ቦት ጫማውን አድርጎ ሳጥኑን ተሸክሞ በእግሩ መጣ። ታናሽ ወንድሜን የሚያህል ልጅ ነው፣ እዚሁ ጅማ ግብርናና እንስሳት ህክምና ኮሌጅ ነው የተማረው። ሙቀቷን ለካ፣ ጆሮዋን ነካ፣ በጆንያ ገለባ አድርገን በደረቷ አስደግፈን አስቀመጥናት፣ ሙቅ ውሃ አምጡልኝ ብሎ የመድሃኒቱን ጠርሙስ ውሃው ውስጥ ነከረና "እትዬ፣ ከመውለዷ በፊት ያለውን አንድ ወር ምን ነበር የሚያበሏት?" አይለኝም! ላሜ እየሞተች ስለ ቀለብ ይጠይቀኛል ብዬ ልጮህበት ነበር እውነቴን ነው።

ከዛ ካልሲየሙን በአንገቷ ደም ስር ሰጣት፣ በቀስታ፣ አንድ ጠርሙስ ከአስር ደቂቃ በላይ ፈጀበት፣ ልቧን በማዳመጫው እየሰማ። ቶሎ ከገባ ልብ ያቆማል አለኝ፣ ስለዚህ ይሄን አንብባችሁ እኔም እወጋታለሁ እንዳትሉ አደራ። ጠርሙሱ ሳያልቅ ሰውነቷ መንቀጥቀጥ ጀመረ፣ እኔ ሞተች ብዬ ራሴን ስይዝ እሱ ደሞ ፈገግ አለ፣ ጥሩ ምልክት ነው አለ። አገሳች፣ እበት ጣለች፣ ጆሮዋ መሞቅ ጀመረ። ግማሽ ሰአት ሳይሞላ ተንገዳግዳ ቆመች። እልልታዬ ሰፈሩን ነው የቀሰቀሰው፣ ትታረድ ያለው ጎረቤቴ ራሱ መጥቶ ግንባሯን ሳማት።

አሁን ዋናው ነገር። ሌላው ቢሆን እዚህ ላይ ሂሳቡን ተቀብሎ ይሄድ ነበር። እሱ ቡና አፍልተን ቁጭ ብሎ አስተማረኝ። በሽታው የወተት ትኩሳት ነው የሚባለው፣ ግን ትኩሳት የለውም እንደውም ይቀዘቅዛሉ፣ ስሙን ማን እንዳወጣለት እንጃ። ላሟ ደም ውስጥ በአንድ ጊዜ የሚዞረው ካልሲየም 3 ግራም አካባቢ ነው አለኝ፣ 10 ሊትር እንገር ደሞ ከ20 ግራም በላይ ይወስዳል። ስለዚህ ያኔውኑ ከአጥንቷ አውጥታ ካልተካች ጡንቻዋ ይዝላል፣ ትወድቃለች። ያረጁትና ብዙ የወለዱት ላይ ይብሳል ምክንያቱም አጥንታቸው ቶሎ አይለቅም። እኔ ደሞ በዛ ሌሊት ሙልጭ አድርጌ አልቤያታለሁ፣ የመጀመሪያው ቀን ላይ ለጥጃው የሚበቃውን ብቻ ማለብ ነበረብኝ። የድሮ የአውሮፓ ሀኪሞች ካልሲየም መስጠት ሳይታወቅ በፊት ጡቷን በአየር እየነፉ ነበር የሚያድኗት፣ ወተቱ እንዳይወርድ ስለሚያግደው ካልሲየሟ ደሟ ውስጥ ይቀራል። ስሰማው ሳቅኩ ግን ይሰራ ነበር አለ፣ አሁን ግን ጡት በሽታ ስለሚያመጣ እንዳትሞክሩት።

ከሁሉም ያስደነገጠኝ ያሳመምኳት እኔ መሆኔ ነው። እርጉዝ ናት ብዬ እንደ አራስ ስቀልባት ነበር። እበቱ ጉድጓድ ዙሪያ የተከልኩት የዝሆን ሣር አለ፣ ለምለም ነው ጥቁር አረንጓዴ፣ እሱን እያጨድኩ ለሷ ብቻ። ወተት ካልሲየም አይደል ብዬ ደሞ የኖራ ዱቄት መኖዋ ላይ ስነሰንስላት ከረምኩ። ዶክተሩ ግርግሙን አየ፣ ሣሩን አየ፣ እበቱን አየ፣ ራሱን ነቀነቀ። እበትና ሽንት የጠገበ ሣር ፖታሲየም ይበዛበታል፣ ፖታሲየም ሲበዛ ደሟ ወደ አልካሊ (የአሲድ ተቃራኒ) ያደላል፣ ያኔ ካልሲየሙን ከአጥንት አውጪ ብሎ የሚያዘውን ሆርሞን ሰውነቷ አይሰማውም። ኖራው ደሞ በአፏ እየገባላት ስለሆነ ከአጥንት የሚያወጣው መንገድ ተኝቶ ይከርማል፣ ልክ ስትወልድ ቀስቅሱት ቢባል ቀናት ይፈጅበታል። ይሄ ነገር በ1970ዎቹ ኖርዌይ ውስጥ ነው በደንብ የተያዘው አለ፣ አሲድ የተጨመረበት ገፈራ (ታምቆ የተቀመጠ እርጥብ መኖ) የበሉ ላሞች አለመውደቃቸውን አይተው። እኛ ያንን አሲድ ያለበት መኖ የት እናገኛለን፣ ስለዚህ ያዘዘልኝ ቀላሉን ነው፣ ከመውለዷ ሶስት ሳምንት በፊት የእበቱ ዳር ሣርና ኖራው ይቅር፣ ድርቆሽና ገለባ ይብዛ፣ ፍሩሽካና ፋጉሎው በትንሽ በትንሹ ይጀመር፣ ኖራው በወለደች ቀን ይመለስ። ሣሩን ለሚታለቡት ሰጠሁት፣ ምንም አልሆኑም።

ሁለት ወር ቆይቶ ደሞ ሌላዋ ላሜ ሻሼ። ሻሼ ኤአይ (ሰው ሰራሽ ማዳቀል) ሶስቴ ተደርጎላት አልይዝ ብላ ስለነበር ነጥፋ ብዙ ወር ስትበላ ነው የከረመችው፣ ጭራዋ ስር ጣታችሁ አጥንት አያገኝም። እኔ በውፍረቷ እኮራ ነበር። በወለደች በአስረኛው ቀን ፋጉሎውን ትታ ገለባ ብቻ መልቀም ጀመረች፣ ወተቷ ከ14 ወደ 8 ሊትር ወረደ፣ እበቷ ደረቀ። ልጄ ናት ያወቀችው፣ "እማዬ የሻሼ ትንፋሽ እኮ የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ይሸታል" አለችኝ፣ ለዶክተሩ ስደውልለት ይሄን እንደነገርኩት ገባኝ መጣሁ አለ። የስኳር በሽተኞች ጣታቸውን ወግተው የሚያዩባት አይነት ትንሽ ማሽን አለችው፣ ከጭራዋ ደም ስር አንድ ጠብታ ወሰደ፣ ኪቶን (ስብ ሲቀልጥ የሚወጣው ነገር) 2.9 አለች። ከ1.2 ካለፈ ላሟ ደህና ብትመስልም ኪቶሲስ ተደብቆ አለ ማለት ነው አለኝ፣ የኔዋ ደሞ ከመደበቅ አልፋለች።

አንድ ሊትር ወተት ለመስራት 70 ግራም አካባቢ ግሉኮስ ያስፈልጋታል። 14 ሊትር የምትሰጥ ላም በቀን ወደ አንድ ኪሎ ግሉኮስ ጉበቷ መስራት አለበት ማለት ነው፣ አፏ ደሞ ገና አልተከፈተም፣ ከወለዱ በኋላ የምግብ ፍላጎታቸው ከወተታቸው ኋላ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ስቧን ታቀልጣለች፣ ስቡ ጉበቷ ላይ ይከመራል፣ ጉበቱ አልችል ሲል ያ ጥፍር ቀለም የሚሸተው ነገር ይወጣል። ወፍራሟ ላይ የሚብሰው ለዚህ ነው፣ ቶሎ አፏን ትዘጋለች የሚቀልጠው ስብ ደሞ ብዙ ነው። አንድ ወዳጄ ለስላሳ አጠጫት ኃይል ይሆናታል ብሎኝ ሁለት ጠርሙስ ሰጥቻት ነበር፣ ዶክተሩ ሳቀብኝ፣ "እትዬ ስኳሩን ጨጓራዋ ውስጥ ያሉት ጀርሞች ናቸው የሚጠጡት፣ ለሷ አይደርስም" አለኝ። ግሉኮስ በደም ስር ሰጣትና ፕሮፒሊን ግላይኮል የሚባል ፈሳሽ 300 ሚሊ በቀን አንዴ ለ5 ቀን አጠጡ አለን፣ ቀስ ብላችሁ፣ ሳንባዋ ውስጥ እንዳይገባ። በአራተኛው ቀን ፋጉሎዋን ጠየቀች። ወተቷ ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም ይሄን አልዋሽም፣ 12 ላይ ነው የቆመው።

አሁን ሲመጣ መጀመሪያ የሚያደርገው ጭራቸው ስርና ወገባቸውን መዳሰስ ነው፣ ከ1 እስከ 5 ነጥብ ይሰጣቸዋል፣ ሲወልዱ 3 ወይ 3 ተኩል ላይ ይሁኑልኝ ይላል። የወፈረችውን ደሞ መውለጃዋ ሲደርስ እንዳታስርቧት፣ ያኔ ማስራብ ራሱ ስብ ማቅለጥ ነው፣ የሚስተካከለው እየታለበች እያለች ነው አለኝ። ሁሉንም በደብተር ይጽፋል፣ የኔን ላሞች ከኔ በላይ ያውቃቸዋል።

ጉድለቱንም ልናገር። ስልክ አያነሳም፣ አራት አምስቴ መደወል አለባችሁ። ይቆጣል ደሞ፣ የሻገተ ድርቆሽ ካየ እንደ አስተማሪ ነው የሚያፈጥባችሁ። መርፌ ብቻ ወግቶ እንዲሄድ የምትፈልጉ ከሆነ እሱ አይሆናችሁም፣ ግርግማችሁን ሳያይ አይሄድም። ሂሳቡ ግን ለቡሬ የከፈልኩት ከሁለት ቀን ወተቷ ያነሰ ነው፣ ለምክሩ ደሞ አምስት ሳንቲም አልጠየቀኝም፣ ቡናውን ብቻ ሶስተኛውን ድረስ ጠጣ።

ስሜን አትጻፊ ስላለኝ አልጻፍኩም፣ ያፍራል። ስልኩን የምትፈልጉ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ሰቃም ሰርቦም ይሄዳል የትራንስፖርት ከቻላችሁ። የእርጉዝ ላም ቀለብ ለማሳየት ከሆነ ሁለት ወር ሲቀራት ጥሩት። ከማታ ሁለት ሰአት በኋላ ግን አትደውሉበት፣ ላሟ ካልወደቀች በስተቀር።